ለሚቆጣ አንጀት ከሱቅ ዕቃ የትኛውን «ኢ ቁጥር» እንተው? በቤትስ በምን እንተካው?

ቦርከና_ዳር ጠየቀች፦

ሰላም ለቤቱ። እህቴ አይቢኤስ (የሚቆጣ አንጀት) ተብላለች። ሆዷ ይነፋል፣ ይቆርጣታል፣ አንዳንዴ ተቅማጥ ይከተላል። የሰገራ ምርመራ ተደርጎ ጃርዲያም አሜባም የለም፤ የጨጓራ ባክቴሪያም አልተገኘባትም። የተሰጣት ምክር «የፋብሪካ ምግብ ቀንሺ፣ ተጨማሪ ነገር ያለበትን ተዪ» የሚል ነው። የትኛውን ተጨማሪ እንደሆነ ግን አልተነገራትም።

ከኮምቦልቻ ሱቅ የምንገዛው ይኼ ነው፦ የሾርባ ኩብ፣ ኢንዶሚ፣ የዱቄት ጁስ፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ፣ የቲማቲም ድልህ፣ ብስኩት፣ የካርቶን ወተት፣ የዳቦ ቤት ዳቦ። ሽሮና በርበሬም ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ነው የምንጠቀም። ከዐረብ አገር የሚላክልን ደግሞ አለ፤ ጽሑፉ ዐረብኛ ብቻ ስለሆነ ምን እንደያዘ አናውቅም።

ኢ ቁጥር ያለበትን ሁሉ መተው ይቻላል? ካልተቻለ የትኛውን አስቀድመን እናውጣ? ወጥ ያለ ኩብ በምን ይጣፍጣል? ረመዳን ሲመጣ ሾርባውና ጁሱስ እንዴት ይሁን?

ጦሳ_ሥር፦

እህትየ፣ ኢ ቁጥር ያለበትን ሁሉ ለመተው አትድከሙ። ቁጥሩ የምግብ ተጨማሪዎች የመዝገብ ቁጥር እንጂ የመርዝ ምልክት አይደለም። ኢ100 የእርድ ቀለም ነው፣ ኢ300 ቫይታሚን ሲ፣ ኢ330 ሎሚ ውስጥ ያለው አሲድ፣ ኢ500 ሶዳ። ኢ160ሲ ደግሞ ከበርበሬ የወጣ ቀለም ነው፤ እሱን ፈርቶ በርበሬ የሚበላ ሰው ምን ይባላል? አንዳንድ ማሸጊያ ላይ በ«ኢ» ፋንታ «አይኤንኤስ» ይጻፋል፤ ቁጥሩ ያው ነው።

አንጀት የሚያስቆጡት ጥቂት ናቸው። በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

መጀመሪያ የሚወጡት ስኳር አልኮሎች ናቸው፦ ሶርቢቶል ኢ420፣ ማኒቶል ኢ421፣ ኢሶማልት ኢ953፣ ማልቲቶል ኢ965፣ ላክቲቶል ኢ966፣ ዛይሊቶል ኢ967። ትንሹ አንጀት እነዚህን በደንብ አይመጥጣቸውም። ያልተመጠጠው ውኃ እየሳበ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ እዚያ ባክቴሪያዎች ያቦኩትና ጋዝ ይሆናል። ንፋቱ ከጋዙ፣ ተቅማጡ ከውኃው ነው። አንድ ስኳር አልባ ማስቲካ ከ1 ግራም በላይ ሶርቢቶል ሊይዝ ይችላል። ጤነኛ ሰው እንኳ በቀን ከ5 እስከ 20 ግራም ሲወስድ ሆዱ ይነፋል፣ ከ20 ግራም በላይ ሲሆን ተቅማጥ ይመጣል። አይቢኤስ ያለበት ሰው ከዚያ ባነሰም ይያዛል። ስለዚህ ማስቲካው ዛሬውኑ ይቁም። በማስቲካ የሚዋጠው አየርም ራሱን የቻለ ንፋት ነው። ከዚህ ቤተሰብ ቀለል ያለው ኤሪትሪቶል ኢ968 ነው፤ አብዛኛው ትንሹ አንጀት ውስጥ ተመጥጦ በሽንት ይወጣል።

ሁለተኛው ኢኑሊን ነው። ይኼ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነው፤ ምክንያቱም ኢ ቁጥር የለውም። «የቺኮሪ ሥር»፣ «ፋይበር የበለጸገ»፣ «ፕሪባዮቲክ» ተብሎ በእርጎ፣ በብስኩትና በዱቄት ወተት ይገባል። ለሌላው ሰው መልካም ነው፤ ለእሷ ግን ከሽንኩርት ፍሩክታን (ትንሹ አንጀት የማይፈጨው የስኳር ሰንሰለት) ጋር አንድ ዘር ነው።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የከፋው፣ የሽንኩርትና የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ነው። በሕግ ዓይን ተጨማሪ አይደለም፣ ምግብ ነው። ኩቡ ውስጥ አለ፣ የኢንዶሚው ቅመም ውስጥ አለ፣ የተዘጋጀው በርበሬና ምጥን ሽሮ ውስጥ አለ። «ኩብ አይስማማኝም» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያልተስማማው ይኼው ነው። የሜልቦርኑ ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 «ፎድማፕ» (አንጀት በደንብ የማይመጥጣቸውና የሚቦኩ ስኳሮች) ብለው የሰየሙት ክፍል ሽንኩርትን፣ ሶርቢቶልን፣ ኢኑሊንንና ወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ በአንድ ላይ ይይዛል። የእህትሽን ዕቃዎች በዚህ ዓይን ብታያቸው ይሻላል።

አራተኛ ማወፈሪያዎቹ ናቸው፦ ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ ኢ466፣ ጉዋር ኢ412፣ ዛንታን ኢ415፣ ካራጊናን ኢ407። የዱቄት ጁስ «ወፍራም» የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ነው። ኢ466 ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 በአይጥ፣ በ2022 በሰው የተሠራ ጥናት አለ። በሰዎቹ ጥናት በቀን 15 ግራም ለ11 ቀን የወሰዱት ከምግብ በኋላ ትንሽ የበዛ የሆድ ምቾት ማጣት ታይቶባቸዋል፤ የአንጀታቸው ባክቴሪያም ተቀይሯል። 15 ግራም ግን አንድ ብርጭቆ ጁስ ውስጥ ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እኔ ብጠየቅ ከላይ ያሉት ሦስቱ ወጥተው ሕመሙ ካልቀነሰ ብቻ እነዚህን አወጣለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሦስቱን ክፍል ለ3 ሳምንት ሙሉ በሙሉ አውጡ። በየቀኑ የበላችውን፣ ንፋቱን ከ0 እስከ 10፣ ሰገራውንም ትጻፍ። ሻል ካላት አንድ አንዱን መልሱ። ለምሳሌ ማስቲካ፦ በመጀመሪያው ቀን 1፣ በሁለተኛው 3፣ በሦስተኛው 5። ከያዛት ወዲያው ይቁምና ሆዷ እስኪረጋ ይጠበቅ። ካልያዛትም በመሀል 3 ቀን ዕረፍት ስጧት፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ሰው የሚሳሳተው ሁሉንም በአንድ ቀን ሲመልስ ነው፤ ከዚያ በኋላ የቱ እንደያዘው አይታወቅም። ሁለተኛው ስሕተት 3 ሳምንቱን 3 ወር ማድረግ ነው። ብዙ ምግብ ለረጅም ጊዜ ማውጣት ሰውነትን ይጎዳል፤ ጠቃሚ የአንጀት ባክቴሪያዎችንም ይቀንሳል።

ገራዶ፦

ወንድምየ ጦሳ_ሥር፣ ማጣፈጫውን ኢ621 እና ቀለሞቹን እንዴት ዘለልካቸው? ሰው ሁሉ የሚያማርረው እነሱን አይደል? ነጩን ቀለም ኢ171ንስ አውሮፓ አግዶት የለ?

ጦሳ_ሥር፦

ረስቼ አይደለም። ኢ621 የግሉታሜት ጨው ነው፤ ግሉታሜት በበሰለ ቲማቲምም በሥጋም ውስጥ አለ፣ የበላነውን አብዛኛውን የአንጀት ሕዋሳት ራሳቸው ለጉልበት ይጠቀሙበታል። በባዶ ሆድ ብዙ ሲወሰድ ራስ ምታት ያለባቸው ሰዎች አሉ፤ የአውሮፓው የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2017 በቀን በኪሎ ክብደት 30 ሚሊግራም ብሎ ገደብ አስቀምጧል። የሆድ ንፋት ግን የእሱ ጠባይ አይደለም። ኩቡን ሲተው የሚሻለው ሰው ኢ621ን ይወቅሳል፤ አብሮ የወጣውን የሽንኩርት ዱቄት አያየውም።

ቢጫው ቀለም ኢ102 ጥቂት ሰዎች ላይ ሽፍታና ማሳከክ ያመጣል። ኢ171 በአውሮፓ ከ2022 ጀምሮ ከምግብ የወጣው የዘር ቅንጣትን ሊጎዳ ይችላል የሚለው ሥጋት ውድቅ ሊሆን ስላልቻለ ነው። ስለ ቁርጠት አይደለም። አለመብላቱ አይጎዳም፣ ግን ከእሱ የምትጠብቂውን ለውጥ አታገኚም። ሰልፋይቶቹን (ከኢ220 እስከ ኢ228) አስም ያለበት ሰው ይጠንቀቅ፤ ደረቅ ፍራፍሬና ወይን ጠጅ ውስጥ አሉ።

ማጀት፦

እኔ ወደ ድስቱ ልግባ።

ፍሩክታን በውኃ ይሟሟል፣ በዘይት አይሟሟም። ወጡን አብስሎ ሽንኩርቱን መልቀም የማይጠቅመውም ለዚህ ነው፤ ፍሩክታኑ መረቁ ውስጥ ገብቷል። ጣዕሙን ብቻ ለማግኘት 1 ስኒ ዘይት ላይ 5 ፍሬ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት ጨምሪ፣ እሳቱ እጅግ ዝቅተኛ ይሁን፣ ዳር ዳሩ ወርቅማ ሲሆን አውርጂ። ለ10 ደቂቃ ይቀመጥ፣ ከዚያ በጥሩ ማጥለያ አጥልዪው። ፍሬው ይጣል ወይም ሌላው ቤተሰብ ይብላው። ከጠቆረ ይመርራል። ጠብታ ውኃ እንዳይገባ፤ ውኃ ካለ ፍሩክታኑ አብሮ ይወጣል። ይህን ዘይት ክፍል ውስጥ ጠርሙስ ላይ አታስቀምጪ፦ አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ የሚራባ፣ ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣ ባክቴሪያ አለ። ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ ይሁን። መብራት ጠፍቶ ካደረ ይደፋ።

ቁሌቱ ያለ ሽንኩርት ይቀጥናል፤ እውነት ነው። በእሱ ፋንታ የተፈጨ ካሮትና ትንሽ ድንች በዚያው ዘይት አቁላዪ፣ በርበሬውን ጨምሪ፣ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ሙቅ ውኃ። የሽንኩርት አረንጓዴ ቅጠል (ነጩ ክፍል ሳይጨመር) መጨረሻ ላይ ቢገባ ጣዕሙ ይመጣል፤ ፍሩክታኑ አብዛኛው ነጩ ላይ ነው ያለው።

በርበሬውን ራሳችሁ አስፈጩ። የተለቀመ 1 ኪሎ ዛላ በርበሬ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ድንብላል፣ 2 ነጭ አዝሙድ፣ 1 ጥቁር አዝሙድ፣ 2 ኮረሪማ፣ 2 በሶብላ፣ 2 ደረቅ ዝንጅብል፣ ጨው እንደ ልክ። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት የለም፤ አብሽም ይቅር፣ እሱም ጋዝ ያመጣል። ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ከእናንተ በፊት የተፈጨው ምጥን ሽሮ ወይም ሽንኩርት ያለበት ድልህ በርበሬ ከሆነ የመጀመሪያው ግማሽ ኪሎ ለሌላው ቤተሰብ ይለይ። ግን አስተውሉ፣ ሚጥሚጣና በርበሬ በራሱ በሚያቃጥለው ነገር ምክንያት የሚቆጣ አንጀትን ያስቆጣል። ፍሩክታኑ ወጥቶም ሕመሙ ካለ፣ በርበሬውን ለሁለት ሳምንት በግማሽ ቀንሳችሁ እዩት።

ሽሮ ራሱ ችግር ነው፤ ከጥራጥሬው የሚመጣ ነው እንጂ ከተጨማሪ አይደለም። ሽምብራውን ወይም አተሩን 12 ሰዓት ዘፍዝፋችሁ ውኃውን ድፉ፣ አፍሉ፣ ያንንም ውኃ ድፉ፣ ከዚያ አድርቃችሁ ቆልታችሁ አስከኩ። ጋዝ የሚያመጣው ስኳር ከውኃው ጋር ይወጣል፤ መቁላት ብቻውን አያወጣውም። ለእሷ በአንድ ጊዜ 1 የሾርባ ማንኪያ የሽሮ ዱቄት ይበቃል።

ንጥር ቅቤ ላይ ብዙ ሰው ይከራከራል። ለጋ ቅቤ በውስጡ ከ16 እስከ 20 በመቶ ውኃ ስላለው ነጭ ሽንኩርት አብሮ ሲነጠር የተወሰነ ፍሩክታን ይወጣል፤ ግን ውኃው ሲተን ከዝቃጩ ጋር ይቀራል። ስለዚህ ቅቤው ከጠራ በኋላ ከላይ ያለውን ብቻ ቅዱ፣ ዝቃጩ ይቅር። ከሁሉም የሚሻለው ግን በኮሰረት፣ በኮረሪማና በበሶብላ ብቻ ማንጠር ነው። ላክቶሱም በዚህ ሂደት ከሞላ ጎደል ያልቃል።

ኩቡን የሚተካ፦ 1 ኪሎ አጥንት፣ 3 ሊትር ውኃ፣ 2 ካሮት፣ ዝንጅብል፣ የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴው ቅጠል። በዝቅተኛ እሳት 2 ሰዓት ተኩል፤ አጥልዪ፣ አቀዝቅዢ፣ የረጋውን ስብ ግፈፊ፣ ከዚያ ግማሽ ሊትር እስኪቀር አምክኪው። በበረዶ መሥሪያ ቅርጽ አቀዝቅዢው፤ ለአንድ ድስት 2 ፍሬ ይበቃል። ጨው የለውምና ጨው ሳትረሺ።

ዳቦ ላይ ደግሞ ጥፋቱ ማሻሻያው ላይ ይጣላል። አብዛኛው ማሻሻያ ቫይታሚን ሲና ኢንዛይም ነው፤ ሆድ የሚያስቸግረው ጥድፊያው ነው። ሊጡ በ1 ሰዓት ከተጋገረ የስንዴው ፍሩክታን እንዳለ ይቀራል፤ ሲያድር እርሾው ይበላዋል። 1 ኪሎ ዱቄት፣ 620 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ 18 ግራም ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ (3 ግራም ገደማ)። ደሴ ላይ ከፍታው 2500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል፤ 12 ሰዓት ያድራል። ኮምቦልቻ ላይ ሞቃት ስለሆነ 8 ሰዓት ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ ሊጡ ይኮመጥጣል፣ ይሟሽሻል፣ ምድጃ ላይም አይነሳም። ማሳሰቢያ፦ ይህ ግሉተኑን (የስንዴውን ፕሮቲን) አያወጣም።

የማሽላ እንጀራ ወደ ባቲና ከሚሴ በኩል ያለ ነው፤ ለእህትሽ በጣም ጥሩ ነው። ከስንዴና ከገብስ ጋር ያልተደባለቀ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። በሶና ጩኮ ግን ገብስ ነው፤ ገብስ ፍሩክታን የሞላበት ስለሆነ ለእነዚያ 3 ሳምንታት ይቆይ። ቀሪቦም ያው ከገብስ ነው፤ ላይ ላዩ ስኳርና እርሾ ስላለ ጠርሙስ ውስጥም እያደረ ጋዝ ይሠራል።

ባቲ_ሰኞ፦

የዐረብኛውን ማሸጊያ ልመልስ፤ ፊደሉን ማወቅ አያስፈልግም፣ ቁጥሩን ማወቅ ይበቃል። ቁጥሩ ልክ እንደኛ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፣ ቅርጹ ግን ያታልላል። ነጥቡ 0 ነው፤ ክቡ ግን 0 አይደለም፣ 5 ነው። ወደ ኋላ የዞረ 3 የሚመስለው 4 ነው። የእኛን 7 የሚመስለው 6 ነው። 7 ደግሞ ጫፉ ወደ ታች የሆነ ማዕዘን ነው፤ ሲገለበጥ 8 ይሆናል። ስለዚህ የዞረ 3፣ ቀጥሎ ሁለት የኛን 7 የሚመስሉ ካየሽ 466 ነው እንጂ 377 አይደለም። የዞረ 3፣ 2፣ ነጥብ ካየሽ 420 ነው፣ ሶርቢቶል። ዐረብኛ ለሚያነብ ሰው ስታሳዪ ደግሞ ሁለት ቃል አስፈልጊው፦ «በሰል» ሽንኩርት፣ «ሡም» ነጭ ሽንኩርት። ዝርዝሩ በክብደት ከብዙ ወደ ጥቂት ይጻፋል፤ ሽንኩርቱ ከጨው በፊት ከተጻፈ ብዙ ነው።

ፋርማሲ_ጥግ፦

ማንም ያላነሳው አንድ ቦታ አለ፦ መድኃኒት። ብዙ ሽሮፕ በሶርቢቶል ነው የሚጣፍጠው። ሳል፣ ፓራሲታሞል፣ ቫይታሚን፣ የጨጓራ ነጭ ሽሮፕ፤ በ10 ሚሊ ሊትር ውስጥ ጥቂት ግራም ሊኖር ይችላል። በቀን 3 ጊዜ የሚጠጣ ሰው ማስቲካ ቢተውም ምን ለውጥ አለው? ውኃ ውስጥ የሚፈሉ የቫይታሚን ሲ ክኒኖችም ብዙ ጊዜ ሶርቢቶል አላቸው። የጨጓራ ሽሮፕ ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ይደራረባል፦ ማግኒዚየም ያለበት ሆድ ያላላል፣ አሉሚኒየም ያለበት ያደርቃል። እህትሽ አንድ ቀን ተቅማጥ አንድ ቀን ድርቀት ካላት በስንት ቀኑ ሽሮፕ እንደምትወስድ ጠይቂያት። ፋርማሲ ስትገዙ «ሶርቢቶል የሌለበት፣ ካልሆነ ክኒን» በሉ። በክኒን ውስጥ ያለው ላክቶስ ትንሽ ስለሆነ አያሳስባችሁ። በሐኪም የታዘዘውን ግን በራሳችሁ አታቁሙ፤ ቅርጹን ለማስቀየር ጠይቁ።

አንድ ሌላ ነገር። ስንዴ ከማቆማችሁ በፊት የሴሊያክ (ግሉተን የሚያስነሳው የአንጀት በሽታ) የደም ምርመራ ይደረግ። ስንዴ ካቆሙ በኋላ ምርመራው ሐሰተኛ «ነፃ» ሊል ይችላል። ሰገራ ውስጥ ደም ካለ፣ ክብደቷ ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ሌሊት ተቅማጡ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሳት፣ ትኩሳት ወይም የደም ማነስ ካለ፣ ይኼ የማስቲካና የኩብ ጉዳይ አይደለም፤ ወደ ሐኪም ነው።

ቦርከና_ዳር፦

እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይጨምርላችሁ! የካርቶን ወተቱንና የረመዳኑን ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ማጀት፦

ወተቱ ላይ ሁለት ነገር አብሮ ይታይ። ላክቶስ አለ፤ ለጋ የቤት ወተትም ቢሆን አለው፣ ስለዚህ ካርቶኑን አትውቀሺ። ቸኮሌት ያለበት ከሆነ ካራጊናን ይጨመርበታል፣ ዱቄቱ እንዳይዘቅጥ። ለ3 ሳምንት ሁለቱም ይቁም፤ ከዚያ እርጎ በግማሽ ስኒ ይጀመር፣ ሲረጋ ላክቶሱ በከፊል ይቀንሳልና።

ለረመዳን ሾርባ አጃው በሰው ግማሽ ስኒ ደረቅ ይበቃል፣ ኩቡ በአጥንት መረቁ ይተካ፣ ነጭ ሽንኩርቱ በዘይቱ። ሽንኩርት የገባበት ሳምቡሳ አይበላም፤ አረንጓዴውን ቅጠል ብቻ የገባበት ለእሷ ይለይ። ቴምር ፍሩክታን አለው፤ በ1 ፍሬ ትጀምር። የዱቄት ጁሱን በሎሚ ቀይሪው፦ 1 ሊትር ውኃ፣ የ2 ሎሚ ጭማቂ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ትንሽ ጨው። ተራ ስኳር በዚህ መጠን አንጀት በደንብ ይመጥጠዋል። ጨጓራዋን የሚያቃጥላት ከሆነ ሎሚው አንድ ይሁን። ደግሞ በአንድ ትንፋሽ 3 ብርጭቆ አትጠጣ፤ ቀኑን ሙሉ ባዶ የነበረ ሆድ ላይ ብዙ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ሲወርድ ቁርጠቱ ያለ ምንም ተጨማሪ ይመጣል።

ቦርከና_ዳር፦

የቲማቲም ድልህስ?

ጦሳ_ሥር፦

ጀርባውን እዪ። ቲማቲምና ጨው ብቻ ከሆነ በቀን 1 የሾርባ ማንኪያ ይሁን። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም «ቅመም» ብሎ ሳይዘረዝር ከጻፈ መልሰሽ ስጪው። «ቅመም» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ሽንኩርት ይደብቃል።